ደሴ ፒያሳ ያለው መጽሐፍ ማከራያ፣ የቅዳሜ ውይይቱና የወግ አጥባቂ ተማሪዎቹ ጥራዝ

ከመጀመሪያው ልናገር። ይህ ቤት ገንዘብም ጊዜም አያስቆጭም። ጉድለት አለበት፣ እሱንም አልደብቅም። ግን ደሴ ውስጥ ስለ ፖለቲካ ሳይሰዳደቡና ሳይጯጯሁ ቁጭ ብሎ ማንበብና ማውራት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ የምጠቁመው ይህንን ቤት ነው።

ቤቱ ፒያሳ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ። ስም የለውም። ታፔላው «መጽሐፍ ይከራያል፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ» ይላል፣ በቃ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ባንክ ሠራተኛውም ባጃጅ ነጂውም «መምህር» ነው የሚላቸው። ልጃቸው ፎቶ ኮፒውንና ኮምፒዩተሩን ይዛለች። ፊት ለፊት ያለው ክፍል ሱቅ ነው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ደግሞ ማንበቢያ።

ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በልብ ወለድ ኪራይ ነው። እሱ ላይ ብዙ አልልም፣ እንደማንኛውም ማከራያ ነው። የተወደዱት መጻሕፍት ሁልጊዜ ሰው እጅ ላይ ናቸው፣ ወረፋ ትይዛላችሁ። ክምችቱም በ2014ቱ ጦርነት ከተማችን በተያዘችበት ጊዜ ክፉኛ ተጎድቷል፣ መደርደሪያው ገና አልሞላም። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ሌላው አገልግሎታቸው ነው። ስለ ወርኃዊው ጥራዝና ስለ ቅዳሜው ውይይት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መምህር በየወሩ አንድ ርዕስ ይመርጣሉ። ከመጽሐፍ፣ ከድሮ ጋዜጣ፣ ከኢንተርኔት ያገኙትን ሰብስበው ራሳቸው በአማርኛ ያሰናዱታል፣ ልጃቸው ትተይበዋለች፣ ይጠረዛል። ከዚያ ይከራያል። ለሦስት ቀን 30 ብር ነው። ወሩን ሙሉ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በዚያው ርዕስ ላይ ውይይት አለ፣ መግቢያው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ጋር 25 ብር። ጥራዙን ያላነበበ ሰው መቀመጥ ይችላል፣ መናገር ግን አይችልም። ይህን ሕግ መጀመሪያ ስሰማ ጠበቅ ያለ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ሳየው ቤቱን ቤት ያደረገው እሱ ነው። ያላነበበ ሰው ስለማይናገር ጩኸት የለም።

የዚህ ወር ጥራዝ ስለ ወግ አጥባቂ የተማሪዎች ማኅበራትና ስለሚደገፉባቸው ፓርቲዎች ነው። ርዕሱ ለደሴ ሰው ሩቅ ይመስላል። አንድ ወዳጄ «እኛን የእንግሊዝ ተማሪ ምን አገባን?» ብሎኛል። በጣም ያገባናል ነው የምለው፣ ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

ጥራዙ የሚጀምረው ከኦክስፎርድ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. (የውጭ አገሩ ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1924 የተቋቋመ የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ማኅበር አለ። ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸር በ1946 የዚህ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረች። ያኔ ገና አላገባችም፣ ማርጋሬት ሮበርትስ የምትባል የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። ካምብሪጅም እንዲሁ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚያ አብረው ሲከራከሩ የነበሩት ኬኔት ክላርክ፣ ማይክል ሃዋርድና ኖርማን ላሞንት ኋላ ሦስቱም ሚኒስትር ሆነዋል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ማኅበሩ ለወግ አጥባቂው (ኮንሰርቫቲቭ) ፓርቲ የችግኝ ጣቢያ ነው። ፓርቲው ያጠጣል፣ ጊዜው ሲደርስ ነቅሎ ይተክላል። ሁለቱም ይጠቀማሉ፣ ማንም አይከፋውም።

መምህር ግን እዚህ ላይ አላቆሙም። የጥራዙን ግማሽ ያህል የሰጡት ነገሩ ለተበላሸበት ዘመን ነው፣ ልክም ናቸው።

በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ማኅበራት የሚሰባሰቡበት አገር አቀፍ ድርጅት ነበር። በ1967 «ፌዴሬሽን ኦፍ ኮንሰርቫቲቭ ስቱደንትስ» የሚለውን ስም ያዘ። ገንዘቡ ከፓርቲው ይመጣል። በ1970ዎቹ አመራሩ ለዘብተኛ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን ሊበርታሪያን የሚባሉት ልጆች ምርጫ እያሸነፉ ድርጅቱን ያዙት። እነዚህ ልጆች ገበያው ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሁን የሚሉ ናቸው፣ መንግሥት ከሰው ኪስም ከሰው ኑሮም እጁን ያውጣ ይላሉ፣ ተማሪ ሁሉ በግድ የብሔራዊው የተማሪዎች ኅብረት አባል መሆኑን ይቃወማሉ፣ ኒካራጓ ውስጥ የግራውን መንግሥት የሚወጉትን ኮንትራዎች በአደባባይ ይደግፋሉ። ታቸር ራሷ ከምትለው አልፈው የሚሄዱ ነበሩ። ዋናው ፓርቲ መጀመሪያ ላይ ዝም አለ። ጉልበት ያላቸው ልጆች ናቸው፣ ግራውን ግቢ ውስጥ ይገጥሙለታል፣ ለምን ይከፋዋል?

ከዚያ የ1985ቱ የላፍባራ ጉባኤ መጣ። ጋዜጦች ረብሻ ተነሳ፣ ንብረት ወደመ ብለው አራገቡት። በኋላ ሲጣራ ጉዳቱ የተወራውን ያህል አልነበረም። ፓርቲው ግን ማጣራቱን አልጠበቀም፣ በጀታቸውን አገደ። መምህር ይህን ቦታ በጥራዙ ላይ በደማቁ አስምረውበታል፣ ከጎኑም በእጃቸው «መጀመሪያ የሚዘጋው ቧንቧው ነው» ብለው ጽፈዋል።

መጨረሻው የመጣው በ1986 ነው። ድርጅቱ «ኒው አጀንዳ» የሚባል መጽሔት ነበረው። መጽሔቱ ሃሮልድ ማክሚላንን ከሰሰ። ማክሚላን ከ1957 እስከ 1963 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ የፓርቲው ታላቅ ሰው ነው። ክሱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ1945 በጦርነቱ ማብቂያ ኦስትሪያ ውስጥ በእንግሊዝ ጦር እጅ የነበሩ፣ ከጀርመን ጎን የተዋጉ የሩሲያ ኮሳኮች ለስታሊን ተላልፈው ሲሰጡ እጁ ነበረበት፣ በጦር ወንጀል ሊጠየቅ ይገባል የሚል ነው። ያን ጊዜ የፓርቲው ሊቀመንበር ኖርማን ቴቢት ነው። ቴቢት ለዘብተኛ ሰው አይደለም፣ የታቸር ቀኝ እጅ ነው፣ በአቋም ከነዚያ ልጆች ብዙም አይርቅም። ያም ሆኖ ድርጅቱን ዘጋው። በምትኩ «ኮንሰርቫቲቭ ኮሌጂየት ፎረም» የሚባል በዋናው ጽሕፈት ቤት ስር የሚተዳደር አካል ተቋቋመ።

ይህን ቦታ ስታነቡ ቀስ በሉ። ልጆቹ የተዘጉት በአቋማቸው ምክንያት አይደለም። አቋማቸውን ፓርቲው ለዓመታት ታግሶታል። የተዘጉት የቤቱን ሽማግሌ በስም ጠርተው ስለከሰሱ ነው። ክሱ እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለው ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ክርክር ሆኖ ቀርቷል፣ ለቴቢት ግን ጥያቄው ያ አልነበረም። የፓርቲው ገንዘብ ያቆመው መጽሔት የፓርቲውን ታላቅ ሰው ሊከስ አይችልም፣ አለቀ።

የድርጅቱ የመጨረሻ ሊቀመንበር ማን እንደነበረ ደግሞ ልንገራችሁ። ጆን በርካው ነው። ከ2009 እስከ 2019 የእንግሊዝ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረው፣ «ኦርደር! ኦርደር!» እያለ ሲጮህ በቴሌቪዥን ያየነው ሰው። ድርጅቱ እላዩ ላይ ተዘጋ፣ እሱ ግን አልተጣለም። ቴቢት ራሱ በ1987 ለምርጫው የተማሪ ድምፅ እንዲያሰባስብ በአዲሱ ፎረም ውስጥ ምክትል ሊቀመንበር አድርጎ ሾመው። ድርጅቱን ሰብረህ ጎበዙን ልጅ ትወስዳለህ። እኔን ከጥራዙ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መምህር አጠር አድርገው አልፈውታል። በ1998 ፎረሙ ከወጣት ክንፉ ጋር ተዋህዶ «ኮንሰርቫቲቭ ፊውቸር» ተባለ። በ2015 ደግሞ በውስጡ የማስፈራራትና የማዋከብ ክስ ተነስቶ ፓርቲው አገደው። በ2018 የወጣት ክንፉ እንደገና ተመሠረተ። ማለትም ፓርቲው ያቋቁማል፣ ፓርቲው ይዘጋል፣ ፓርቲው መልሶ ያቋቁማል።

አሁን ወደ ምርጡ ገጽ ልምጣ። ከጥራዙ መሃል ላይ በእስክሪብቶና በማስመሪያ የተሠራ ሰንጠረዥ አለ። በኮምፒዩተር አልተሠራም፣ መምህር በእጃቸው አስምረው ነው ፎቶ ኮፒ የተደረገው፣ መስመሩ ላይ የቀለም ጠብታ ሁሉ ይታያል። ሦስት ጥያቄ ነው ያለው። ገንዘቡ ከማን ይመጣል? አባል ለመሆን የፓርቲ አባል መሆን ግድ ነው? ማን ሊዘጋው ይችላል? ከዚያ በየአገሩ ያሉት ማኅበራት በየረድፉ ተቀምጠዋል።

ጀርመን ውስጥ በ1951 የተመሠረተው የክርስቲያን ዴሞክራት ተማሪዎች ቀለበት አለ፣ ሲዲዩና ሲኤስዩ ለሚባሉት ወግ አጥባቂ ፓርቲዎች ቅርብ የሆነ። ለፓርቲዎቹ ቅርብ ነው፣ ሰዎችም ይሰጣቸዋል፣ ግን አባል ለመሆን የፓርቲ መታወቂያ አይጠየቅም። ስዊድን ውስጥ በ1942 የተመሠረተ የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ማኅበር አለ፣ ዛሬ ነፃው የሞደራት ተማሪዎች ማኅበር ይባላል። ሞደራት ከሚባለው ፓርቲ በገንዘብም በአደረጃጀትም የተለየ ነው። ስለዚህ ፓርቲው ሊዘጋው አይችልም፣ ማኅበሩም ፓርቲውን ሲተች ይሰማል። ይህ ማለት ግን ሰው አያፈራም ማለት አይደለም። ካርል ቢልት በ1970ዎቹ የዚህ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር፣ ከ1991 እስከ 1994 የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

የአሜሪካው ረድፍ በጣም ደስ ይላል። የሪፐብሊካን ተማሪዎች ማኅበር ሥሩ እስከ 1892 ድረስ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። በ1973 ለብሔራዊ ሊቀመንበርነት በተደረገው ምርጫ ሁለት ወገን «እኛ ነን ያሸነፍነው» አሉ። ክርክሩን ማን ፈታው? ተማሪዎቹ አይደሉም። የዋናው ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ነው። ለካርል ሮቭ ፈረደለት። ያ ካርል ሮቭ ከዓመታት በኋላ የቡሽን ልጅ ዋይት ሀውስ ያስገባው የምርጫ ስልት ቀያሽ ነው። በአንጻሩ በ1960 ኮነቲከት ውስጥ በወግ አጥባቂው ጸሐፊ በዊልያም ባክሊ ቤተሰብ ቤት የተመሠረተው «ያንግ አሜሪካንስ ፎር ፍሪደም» የሪፐብሊካን ፓርቲ ክንፍ አልነበረም። ስለዚህ የፓርቲውን ትልልቅ ሰዎች ሳይፈራ ለሴናተር ባሪ ጎልድዎተር ቀሰቀሰ፣ በ1964 ጎልድዎተር የፓርቲው የፕሬዚዳንት እጩ ሆነ፣ ከዚያም በምርጫው ክፉኛ ተሸነፈ። ነፃነት ለማሸነፍ ዋስትና አይደለም። መምህር ይህንን ሳይሸሽጉ ማስቀመጣቸውን ወድጄዋለሁ።

ውይይቱ ላይ ሰው ሁሉ የተያዘው በዚህ ሰንጠረዥ ነው። ከኮምቦልቻው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የመጣች የኢንጂነሪንግ ተማሪ ጥራዙን ከፍታ ጣቷን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አድርጋ «መምህር፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ለምን ያስፈልጋሉ? ሦስተኛው ብቻውን አይበቃም?» አለቻቸው። እሳቸውም መልሰው እሷኑ ጠየቋት፤ «ልጄ፣ ሊዘጋሽ የሚችለው ሰው ዘንድሮ ካልዘጋሽ ምንድን ነው የምታውቂው?» «እስካሁን እንዳላስቆጣሁት» አለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፣ ግን የልቧን ነው የተናገረችው፣ መልሱም ትክክል ነበር።

አንድ ወጣት ደግሞ በጣም ተከራከራት። እሱ የሚለው እንዲህ ነው። ነፃ ሆኖ ማንም የማይሰማው ማኅበር ከመሆን በፓርቲ ገንዘብ እየተንቀሳቀሱ ውስጥ ሆኖ መግፋት ይሻላል። ታቸር በዚያ መንገድ ነው የወጣችው፣ ክላርክና ሃዋርድም። ፓርቲው ገንዘቡን ሲሰጥ ዝም ብሎ ሊሰጥ ነው እንዴ? እውነት አለው፣ በደንብም ተናገረ። እኔ ግን ከልጅቷ ጋር ነኝ። ፓርቲው ልጆቹን ሊያሳድግ ይችላል፣ ማሳደጉም ጥሩ ነው፣ ግን ተማሪ በዚያ ዕድሜው ካልተናገረ መቼ ሊናገር ነው? ሥራ ከያዘ፣ ልጅ ከወለደ፣ የቤት ኪራይ ከመጣ በኋላ? የተማሪ ማኅበር ዋናው ጥቅሙ የሚያጣው ነገር ገና ጥቂት የሆነ ሰው ለትልልቆቹ የማይወዱትን መንገሩ ነው። ያን ካልነገረ ወጣት ካድሬ እንጂ የተማሪ ማኅበር አይደለም። ቀኝም ይሁን ግራ ለእኔ ለውጥ የለውም።

አሁን «እኛን ምን አገባን» ወዳለው ወዳጄ ልመለስ። ይህ ውይይት የተደረገው ደሴ ነው። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ከዚያ ቤት ሩቅ አይደለም። ዋለልኝ መኮንን የተማረው እዚያ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ አንስቶ እስከ ዛሬ የምንጨቃጨቅበትን ጽሑፍ የጻፈው፣ በ1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከነማርታ መብራህቱ ጋር የተገደለው። እሱን የሚወድም የሚጠላም አለ፣ ውይይቱ ላይም ሁለቱም ነበሩ። ነገሩ ግን ይህ ነው። ያ የተማሪ ንቅናቄ ገንዘብ የሚሰጠው ፓርቲ አልነበረውም። በንጉሡ ዘመን ፓርቲ የሚባል ነገር አልተፈቀደም። ተማሪው በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ ከኋላው የሚዘጋውም የሚከፍተውም ፓርቲ የለም። ኋላ መኢሶንና ኢሕአፓን ያቋቋሙት ከዚያው ንቅናቄ የወጡ ሰዎች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ፓርቲው ተማሪዎቹን አደራጀ፣ እኛ ዘንድ ተማሪዎቹ ፓርቲዎቹን አደራጁ። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚህ ከተማ ልጁን ያላጣ ቤተሰብ ስንት ነው?

ጠና ያሉ አንድ አባት፣ የዚያን ዘመን ተማሪ የነበሩ፣ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ማንም ያላሰበውን አነሱ። ጥላሁን ግዛው የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ከመመረጡ በፊት በነበረው ምርጫ ተሸንፎ እንደነበር አስታወሱን። ያሸነፈው ለዘብተኛ የሚባለው መኮንን ቢሻው ነው። «ለዘብ ያለ ተማሪ ነበረ፣ ብዙ ነበረ» አሉ። «ወግ ይጠበቅ፣ ቀስ ይባል የሚል ልጅ ሞልቶ ነበር። ግን የሚጠጋበት አጣ። ንጉሡ ፓርቲ አልፈቀዱም፣ መንግሥትም ተማሪ ሲባል ሁሉን በአንድ ዓይን አየ። ጥላሁን ሲገደል ለዘብተኛውም ዝም አለ፣ ከዚያ በኋላ ማን ሊሰማው?» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተነሳም። እኔ ስለዚያ ዘመን ብዙ አንብቤያለሁ፣ ለዘብተኛው ተማሪ የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ ጥራዙ ሩቅ አገር ወስዶ ቤታችን ነው የመለሰን። ፓርቲ የሌለው ተማሪ ብቻውን ይቀራል፣ ፓርቲ የያዘው ተማሪ አፉን ይዘጋል። በሁለቱ መሃል የስዊድኖቹ ዓይነት መንገድ መኖሩን ማወቅ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በኢሕአዴግ ዘመን፣ በተለይ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሰው በግቢው ውስጥ የነበረውን የአባልነት ምልመላና አንድ ለአምስት አደረጃጀት ያስታውሰዋል። የሰንጠረዡን ሦስት ጥያቄዎች ለዚያ ጊዜ ብንሞላቸው መልሱ ምን እንደሚሆን ለማንም አይጠፋውም። ግራ ነው ቀኝ ነው የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

አሁን ስለ ጉድለቱ። አንደኛ፣ ጥራዙ ለዓይን ይከብዳል። ፊደሉ ትንሽ ነው፣ ፎቶ ኮፒውም ቦታ ቦታ ላይ ደብዝዟል። የስዊድን ክፍል ላይ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ጭራሽ አይነበቡም ነበር፣ ለልጃቸው ነግሬያት ወዲያው ከኮምፒዩተሩ አውጥታ ሰጥታኛለች፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። እናንተም ስትከራዩ እዚያው ቆማችሁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። ሁለተኛ፣ የአፍሪካ ምሳሌ አንድም የለም። የጀርመንና የስዊድንን ያህል ስለ ጎረቤቶቻችን ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ይህን ለመምህርም ነግሬያቸዋለሁ፣ «አብሽር፣ ይጨመራል» ብለዋል። ሦስተኛ፣ እንግሊዝ ግማሹን ወስዶ ጀርመን ሁለት ገጽ ብቻ መሆኑ ሚዛን ይጎድለዋል። የጀርመኖቹ ማኅበር የ1968ቱን የግራ ተማሪዎች ማዕበል ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት የገጠመ ድርጅት ነው፣ ከዚያ ብዙ የምንማረው ነበር።

የክፍሉ ነገር ደግሞ አለ። ማንበቢያው ይበርዳል። የደሴን ብርድ የማያውቅ የለም፣ ያ ክፍል ግን ፀሐይ የሚባል አይገባውም። ጋቢ ወይም ወፈር ያለ ሹራብ ያዙ። አግዳሚው መደገፊያ የለውም፣ ወገብ ለሚያመው ሰው ሁለት ሰዓት ከባድ ነው። ግድግዳው ሥር ያሉትን ወንበሮች ለማግኘት ቀደም ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ፎቶ ኮፒው ይቆማል፣ ውይይቱ ግን በባትሪ መብራት ይቀጥላል።

ሻዩ ጥሩ ነው። ቅመሙ አይበዛም። አምባሻ ከጎረቤት ሱቅ ማስመጣት ትችላላችሁ። ጫትና ሲጋራ አይፈቀድም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እየመጡ በር ላይ የሚከራከሩ ልጆች ስላየሁ ነው።

መስተንግዶው ላይ ቅሬታ የለኝም። መምህር ሰው ሲከራከር አያቋርጡም፣ ስድብ ሲሰሙ ግን ወዲያው ነው የሚያስቆሙት፣ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን። ሴቶች በነፃነት ይናገራሉ፣ ይህ በእኛ አገር የፖለቲካ ወሬ ላይ ሁሌ የሚገኝ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይሻሻል እላለሁ። ጊዜ የሚቆጣጠር ሰው የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተናጋሪዎች ግማሹን ጊዜ ይወስዱና ዓይን አፋሩ ልጅ ሳይናገር ሰዓቱ ያልቃል። ለሰው አምስት አምስት ደቂቃ ቢመደብ ይህ ይቀራል።

ለማን ይሆናል? ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያለ ጥርጥር፣ በተለይ የማኅበር ወይም የክበብ አመራር ለሆነ። ማኅበራችሁ ቢሮውን ከማን እንዳገኘ፣ ወረቀቱን ማን እንደሚገዛለት፣ አንድ ቀን ቢቀየሙት ማን ቁልፉን እንደሚቀበለው ቁጭ ብላችሁ የምትጽፉበት ባዶ ሰንጠረዥ ከጥራዙ መጨረሻ ላይ አለ። መምህር ያን ገጽ በነፃ ነው ፎቶ ኮፒ የሚያደርጉላችሁ። ለአስተማሪም ይሆናል። ለፓርቲ ሰውም ይሆናል፣ ከሁሉም በላይ ለእሱ ይመስለኛል። የወጣት ክንፍ የሚያደራጅ ሰው የቴቢትን ታሪክ አንብቦ እሱ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ራሱን ይጠይቅ። ፈጣን መልስና የጎራ ድል የሚፈልግ ሰው ግን አይመጣ፣ ይሰለቸዋል።

ከኮምቦልቻ ለምትመጡ፣ ውይይቱ የሚጀምረው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ አሥር ተኩል አካባቢ ያልቃል። ከዚያ ቀጥታ መናኸሪያ ሂዱ። ክረምት ላይ ሐረጎ ጉም ሲለብስ መኪናው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ወረፋው ይረዝማል። የሚቀጥለው ወር ጥራዝ ስለ ሠራተኛ ማኅበራትና ፓርቲዎች ነው ተብሏል፣ ስለዚህ የፋብሪካ ሠራተኞች ቀድማችሁ ብትመዘገቡ ይሻላል፣ ክፍሉ ብዙ ሰው አይይዝም። ለጥራዙ መያዣ 200 ብር ወይም መታወቂያ ይጠየቃል፣ ቴሌብር ይቀበላሉ።